አሥር ኪሎ ቆሻሻ

«ቆሻሻ የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ ገንዳው እነሱ ጋ ቢቀመጥ ምን ይጎዳቸዋል?»

መምህር ኤርካሎ ይህን የሰማው በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መታወቂያ ሊያሳድስ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስኮት ሥር ተሰልፎ ሳለ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚያን ዕለት ግን የኤርካሎ ጆሮ ለባለቤቱ እጅግ ታማኝ ነበር። «ከትምህርት ቤቱ በታች ያሉት አሥራ አንዱ ቤቶች» ሲባል ሰማ፤ ከአሥራ አንዱ አንዱ የእሱ ነው። «ቦታው ሰፊ ነው፣ መኪና ይገባል» ሲባልም ሰማ፤ ሰፊው ቦታ ከእሱ በር ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ነው። ሰባት ሰው የቀደመበትን ሰልፍ፣ ከኋላውም የተኮለኮሉትን አሥራ አራት ሰዎች ጥሎ ዘው ብሎ ገባ። የጽዳትና ውበት ባለሙያው ምንም አልደነገጠም። እንዲያውም የጠራው እንግዳ የመጣለት ይመስል ወንበር ሳበና «መምህር፣ ጥሩ ሰዓት መጡ» ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋለት።

ወረቀቱ ሠላሳ ሁለት ነጥብ ያለው የግምገማ ቅጽ ነው። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከከተማው የሚመጣ ቡድን መንደሮቹን ይመዝናል። ያለፈ መንደር በክፍት ቦታው ላይ መናፈሻ ይሠራለታል፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ዥዋዥዌ፣ ሁለት የመብራት ምሰሶ፣ አበባ። የወደቀ መንደር ክፍት ቦታው «ያልለማ» ተብሎ ይመዘገብና የአካባቢው ሁሉ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ትልቁ የብረት ገንዳ ይቆምበታል። ኤርካሎ ቅጹን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ሠላሳ አንዱ ነጥብ ላይ መንደሩ እንከን የለውም፤ ቦዩ ንጹሕ፣ አጥሩ የተከረከመ፣ መጸዳጃ ቤቱ ክዳን ያለው። አሥራ አራተኛው ነጥብ ግን፣ «በግምገማው ዕለት በመንደሩ በርሜሎች ውስጥ ቢያንስ አሥር ኪሎ ተለይቶ የተጠራቀመ ቆሻሻ ይገኛል» ይላል። አጠገቡም በቀይ፣ «ይህን ያላሟላ ወድቋል» ተብሎ ተጽፏል።

«እኛ እኮ ቆሻሻ የለንም» አለ ኤርካሎ።

«እሱ ነው ችግራችሁ።»

«እንዴ! ጽዳት አይደለም እንዴ የምትመዝኑት?»

«የቆሻሻ አያያዝ ነው የምንመዝነው፣ መምህር። የሌለ ነገር እንዴት ይያዛል? ደግሞ እኛ አይደለንም፣ ከላይ የወረደ ነው። እርስዎም ተስማምተው ፈርመዋል።» ባለሙያው የሰኔውን ቃለ ጉባኤ አወጣ። እውነት ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ «የመንደሩ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ» ከሚለው ሥር የኤርካሎ ፊርማ፣ ያ እንደ ብላቴ ወንዝ የሚጠማዘዘው ፊርማው፣ ተንጋሎ ተኝቷል። ያን ቀን ዝናብ ሊመጣ ነበር፤ ጃንጥላም አልያዘም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪዎቹን «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» እያለ ያስተማረ ሰው፣ ሳያነብ ፈርሞ ሮጧል።

መንደሩ ቆሻሻ የለውም ሲባል እንዲሁ ለወግ አይደለም። ሁሉም ቤት ከጓሮው እንሰት አለው፤ እንሰት ካለ ደግሞ የሚጣል ነገር የለም። የጎደሬ ልጣጭ ለላም፣ የላም እበት ለእንሰት፣ አመድ ለእንሰት፣ የታጠበበት ውኃ እንኳ ሳሙናው ዘቅጦ ለእንሰት። የውኃ ፕላስቲክ ወይ ወተት ይያዝበታል፣ ወይ ቆራሌው ይገዛዋል። ካርቶን ዶሮ ትታቀፍበታለች፣ ፌስታል ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል። ማዘጋጃ ቤቱ አረንጓዴና ቢጫ በርሜል ያደለ ጊዜ ሴቶቹ ምስጋናቸውን አቅርበው ሁለት ሳምንት ዝናብ አጠራቀሙባቸው፤ ኤርካሎ ነው ተቆጥቶ ወደ ሜዳው ያስመለሳቸው። ቆሻሻ የሚሰበስበው ሻንቆ ረቡዕ ረቡዕ በጭነት ባጃጁ ይመጣል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ባዶውን ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ ከሁሉ የባሰችው የኤርካሎ ሚስት ብሩክታይት ናት። ያንን ሜዳ ሃያ ሦስት ዓመት በገዛ እጇ ጠርጋዋለች፤ ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልከፈላትም፤ ሰው ሲያልፍበት ግን ቤቷ እንደገባ ሰው ጫማውን ታያለች።

ቤት ሲደርስ ብሩክታይት ጎደሬ እየላጠች ነበር። ግምገማውንም ገንዳውንም ነገራት። አሥሩ ኪሎ ላይ ገና አልደረሰም፣ የፊርማውን ነገር ደግሞ ትንሽ ወደ ዳር ገፋ አደረገው፤ ሴትየዋ ግን የሃያ ሦስት ዓመት ሚስት ናት።

«ማነው የፈረመው?»

ኤርካሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ብሩክታይት ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ከቁምሳጥኑ አናት ሻንጣዋን አወረደች። «ገንዳ በዚህ በር ፊት ከቆመ እኔ ቦዲቲ እህቴ ጋ ነኝ» አለች። ኤርካሎ የሚቀጥለውን ያውቃል፤ ብሩክታይት ስትቆጣ ባሏን ትታ ከላሟ ጋር ታወራለች። ላሚቱ ቡሬ ትባላለች፤ ብሩክታይት በወላይትኛ አፏን ስለፈታች ቡሬ በአማርኛ ጊዜ አንዳንዴ ወንድ፣ አንዳንዴ ሴት ትሆናለች፣ ሁለቱንም ትቀበላለች። «ቡሬ፣ አየህ አይደል?» አለች በመስኮት። «የተማረ ሰው ነው አሉ። ያነባል አሉ።» ቡሬ አመሰኳች። ከስድስት ዓመት በፊት ብሩክታይት ቦዲቲ የሄደች ጊዜ ኤርካሎ አሥራ አንድ ቀን በዳቦና በሻይ ኖሯል፤ ዳቦው አልነበረም የከበደው። ማታ ማታ ለማንም የማይነገር ትንሽ ትንሽ ወሬ ሆዱ ውስጥ እየተከማቸ ሊያፈነዳው ነበር። ሰውየው ሚስቱን ይወዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ባርኔጣውን ደፋና ቆሻሻ ልመና ወጣ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለካ ቀላል ነው፤ ጤፍ የተበደረ ሰው ቢያንስ አያፍርም። ጎረቤቱን የማርያምወርቅን በትህትና «እቤት ትንሽ ቆሻሻ ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቃት። ሴትየዋ ከአንገቷ ቀና አለች። «ከእኔ ቤት? ቆሻሻ? ማን ነው እንዲህ ብሎ ያወራው?» ስሜን ያጠፋውን ሰው ካልነገርከኝ ብላ እስከ አጥሩ ተከተለችው። ሦስተኛው ቤት ሻይ ጋበዙት፣ አራተኛው ቤት ጸለዩለት። ቆሻሻ የሰጠው የለም።

ዋናው መንገድ ላይ የአብዱሰመድ የጅምላ ሱቅ አለ። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱት፣ ከዘይት እስከ ጥፍር መቁረጫ የማይታጣበት ሱቅ ነው፤ ከጀርባው ደግሞ ቆሻሻ እንደ ጉድ ነው። ካርቶን፣ የተሰበረ የእንቁላል መያዣ፣ የበሰበሰ ሽንኩርት፣ የላስቲክ ጥቅልል። ኤርካሎ ቁሞ ሲያየው ሲኒማ ቤት የገባ ሰው መሰለ። አብዱሰመድ ግን ነጋዴ ነው። ሰው የፈለገው ነገር ሁሉ ዋጋ እንዳለው ያውቃል፤ ያላወቀው ስንት እንደሆነ ብቻ ነው።

«መምህር፣ ለምን ፈለጉት?»

«ለልማት።»

«የምን ልማት?»

«መናፈሻ።»

አብዱሰመድ ትንሽ አሰበና ሽንኩርቱን በእግሩ ወደ ራሱ ጠጋ አደረገው። «ወላሂ ለእርስዎ ስለሆነ ነው፤ ልጆቼን አስተምረዋል» አለ በመጨረሻ፤ ደህና ደህናውን ካርቶን ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን በሁለት ጆንያ አስሞላለት። ልማድ ሆኖበት ሚዛን ላይ አወጣው። አሥራ ሦስት ኪሎ ከሩብ። «መርቄልዎታለሁ» ብሎ አንድ እፍኝ የእንቁላል ቅርፊት ጨመረበት። ባጃጅ ነጂው ሽታው ሲደርሰው ሠላሳ ብር የነበረውን ሰማንያ አደረገው፤ ኤርካሎ አልተከራከረም። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሚበሰብሰውን በአረንጓዴው፣ የማይበሰብሰውን በቢጫው በርሜል ለይቶ ሞላ፣ እጁን አራገፈ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ አየው። እንዲህ ያማረ ቆሻሻ አይቶ አያውቅም። ለብሩክታይት ሊነግራት ፈለገና መኩራቱ ያዘው። ገምጋሚዎቹ መጥተው ሲያደንቁ ራሷ ታየዋለች ብሎ፣ ሚዛኑን ሊዋስ ወደ አብዱሰመድ ተመለሰ። እዚያ ሻይ ቀረበ። ሻይ ላይ ስለ መናፈሻው ወሬ ተነሣ፤ አብዱሰመድ በመናፈሻው በር ለስላሳ መሸጫ ቢከፈት ምን ይመስልዎታል አለ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆነ።

ሚዛኑን ተሸክሞ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሁለቱ በርሜሎች አፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ታጥበዋል። አረንጓዴው እንዲያውም በአመድ ተፈትጎ ያበራል። ኤርካሎ ሚዛኑን መሬት ላይ አኖረ። ከአጥሩ ወዲያ ብሩክታይት በእንሰቱ ሥር አፈር እየመለሰች ነው፤ ቡሬ ደግሞ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር በደስታ ታላምጣለች።

«ብሩክታይት! የበርሜሉ ዕቃ የት ሄደ?»

«ቡሬ፣ ጠይቅልኝ እስቲ» አለች ብሩክታይት ዞር ሳትል፣ «ማነው ደህና ሽንኩርት ከበር ላይ የሚደፋ? ግማሹ ደህና ነው፣ ለይቼ ከቃሪያው ጋር ዳጣ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ግማሹን እንሰቱ በላ። ካርቶኑን ለዶሮዋ አንጥፌዋለሁ። ላስቲኩን ቆራሌው ወሰደና ይኼን የመሰለ ጆግ ሰጠኝ።» ጆጉን ከፍ አድርጋ ለላሟ አሳየቻት። ቀይ ነው፣ ክዳን አለው።

«ለግምገማው እኮ ነው ያመጣሁት! አሥር ኪሎ ቆሻሻ ካልተገኘ ነው የምንወድቀው! አሥራ ሦስት ኪሎ አምጥቼ ነበር!»

ብሩክታይት መቆፈሪያውን ያዘች፣ ቆመች። የፊቷ ቀለም ተለወጠ። «ታ ጦሳው!» አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ቡሬ ዞረች፤ አሁን ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ድንጋጤ ነበረ። «ለእኛ ማን ነገረን?» አለቻት። ማንም አልነገራትም። ኤርካሎ በሰኔ ሳያነብ ፈርሟል፣ በነሐሴ ደግሞ ሳይናገር ሄዷል፤ ጥፋቱን ከሁለት ቦታ ቆሞ ቢያየውም ያው የእሱ ነው። እዚያው በተገለበጠው በርሜል ላይ ተቀመጠ፤ ሊያለቅስም ቃጣው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ገምጋሚዎቹ በዚያው ቅጽበት ደረሱ። አምስት ሰው ይመጣል ተብሎ ነበር፤ የወረዱት አሥራ ሰባት ናቸው። አበል ያለበት ግምገማ ሰው አይጠላውም። የቡድኑ መሪ ትህትና የምትባል ቆፍጣና ሴት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ አራት መንደር ዞረው ምሳ እንዳልበሉ ተናገረችና «መምህር፣ እዚህ ሣር ላይ አረፍ ብንል ቅር ይልዎታል?» አለች። ከመኪናው ሙዝ በሣጥን ወረደ፣ የታሸገ ውኃ ወረደ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በእንቁላል ወረደ። እንግዳ ደረቁን አይበላም ብለው የመንደሩ ሴቶች ደግሞ የተቀቀለ ጎደሬ ከነልጣጩ፣ ዳጣ፣ አቮካዶ በሰፌድ ይዘው ብቅ ብቅ አሉ። ኤርካሎ በርሜሉ ላይ እንደተቀመጠ አንዱ ገምጋሚ ሙዝ ልጦ ልጣጩን ሣሩ ላይ ሲጥል አየ። ሌላው ውኃውን ግማሽ ጠጥቶ ፕላስቲኩን ከኋላው ወረወረ። ሦስተኛው የአቮካዶ ፍሬ ወረወረ። ኤርካሎ ቀስ ብሎ ተነሣና ሁለቱን በርሜሎች አቀና። ጌታ ለእስራኤል በምድረ በዳ መና አዘነበላቸው የሚለው ታሪክ ትዝ አለው፤ ያን ጊዜ ግን ልጣጭ ስለመኖሩ አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ እንደ ሠርግ አሳላፊ ሆነ። «ይጨምሩ እንጂ! ሁለት ሙዝ ምን ያደርጋል? ውኃውን አይጨርሱት፣ ሌላ ይክፈቱ!» ሙዝ የጠገበውን አቮካዶ ያዘው፣ አቮካዶ የጠገበውን ጎደሬ አስላጠው። ችግሩ ከኋላው ነበር። የማርያምወርቅና ሌሎቹ ሴቶች እጃቸው እረፍት አያውቅም፤ ልጣጩ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል፣ ፕላስቲኩን አቧራውን ጠርገው በብብታቸው ያስገባሉ። ኤርካሎ አንዱን እያበላ ሌላዋን ይለምናል፣ «ተዪው እህቴ፣ በጌታ፣ ይውደቅ፣ ቆሻሻ ይሁን!» ሴቶቹ ሰውየው አበደ ብለው ተያዩ። በመጨረሻ ብሩክታይት መሐል ሜዳው ላይ ወጣችና በወላይትኛ አንድ ነገር ጮኸች። ምን እንዳለች ገምጋሚዎቹ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ እንዳልገባው ሰው ግን ቀና ብለው ዳመናውን ማየት ጀመሩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ከብብት፣ ከጉያ፣ ከመቀነት እያወጡ በየበርሜሉ ጣሉ። ሲጥሉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሚዛኑ ቀረበ፤ ሚዛኑን ተከትሎ አብዱሰመድም መጥቷል። አንድ ቀጭን ገምጋሚ እጁን አወጣና፣ «ይሄ የእኛ ቆሻሻ ነው እኮ፣ የእነሱ አይደለም» አለ። ትህትና ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ኤርካሎ ሰው ወረቀት ሲያነብ አይቶ እንደዚያን ቀን ቀንቶ አያውቅም። «ቆሻሻው የማን እንደሆነ አይጠይቅም» አለች። «ይገኛል ነው የሚለው። ተገኝቷል። መዝኑ።»

ቢጫው አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። አረንጓዴው አምስት ኪሎ ልክ። «ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ» አለች ትህትና፤ አዝና ነው ያለችው፣ ጎደሬው ጣፍጧት ነበር። «ሁለት መቶ ግራም ጎደለ፣ መምህር።» ገምጋሚዎቹ ሁሉ ጠግበው ሣሩ ላይ ተጋድመዋል፤ አንድ ሙዝ እንኳ የሚያስገባ የለም። ኤርካሎ መሬቱን ፈለገ። ሃያ ሦስት ዓመት የተጠረገ ሜዳ ነው፤ አንድ ስንጥር የለም። ቀና ሲል ዓይኑ ብሩክታይት ላይ አረፈ። ሽርጧን ሰብስባ በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሽርጡ ወደ ታች ከብዷል።

ሁሉም ሰው ሽርጡን አየ። ብሩክታይትም አየችው፤ እንዴት እዚያ እንደገባ እሷም አታውቅም። ስድስት የአቮካዶ ፍሬ ከነልጣጩ፣ ለቡሬ ያለችው የሙዝ ልጣጭ ደግሞ ከሥሩ። ወደ በርሜሉ ተጠጋች። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ እሷ ግን በሕይወቷ ሙሉ የሚበላ ነገር ጥላ አታውቅም፣ እናቷም ጥላ አታውቅም። አንዱን ፍሬ አነሣች፣ አገላበጠችው፣ ጣለችው። ሁለተኛውን ጣለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ኤርካሎም እሷን እያየ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ፤ ስለ አቮካዶ ልጣጭ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአደባባይ ሊያለቅሱ ነው። ስድስተኛው ፍሬ ሲወድቅ መርፌው ተንቀጠቀጠ። የሙዙ ልጣጭ ሲከተል ተሻገረ።

«አሥር ኪሎ ከሠላሳ ግራም!» አለች ትህትና። ቅጹ ላይ ምልክት አደረገች፣ ፈረመች፣ ማኅተም መታች። «መናፈሻው የእናንተ ነው። ገንዳው ሌላ ቦታ ይፈለግለታል።» ጭብጨባው ቀለጠ፣ እልልታ ተሰማ። አብዱሰመድ ሚዛኑን ትቶ ሜዳውን በእርምጃ መለካት ጀመረ፤ ለለስላሳ መሸጫው መሆኑ ነው።

ብሩክታይት ብቻ ከበርሜሉ አልራቀችም።

«ተመዘነ?» አለች ትህትናን።

«ተመዝኗል፣ እናቴ።»

«ተጻፈ?»

«ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። አለቀ።»

«ጌታ ይባርክሽ» አለችና ብሩክታይት እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ በርሜሉ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ የሙዙን ልጣጭ አወጣች፣ ቀጥሎ ስድስቱን ፍሬ፣ ቀጥሎ የሰውን ሁሉ። የማርያምወርቅ ይህን ስታይ ነጠላዋን ጥላ ወደ ቢጫው በርሜል ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ትህትና አፏን ከፈተችና ቅጹን አየችው፤ ከተመዘነ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚል ነጥብ የለውም፤ አፏን ዘጋች። ኤርካሎ መሐል ሜዳው ላይ እጁን አጣምሮ እንደ ሐውልት ቆሟል፤ ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አላገኘም። ብሩክታይት ከአረንጓዴው በርሜል ውስጥ ቀና አለች። ቡሬን ሳይሆን እሱን፣ ዓይን ለዓይን፣ ቀጥታ አየችው።

«ቆመህ ታየኛለህ እንዴ? ና፣ ጆንያውን ያዝልኝ እንጂ!»

ኤርካሎ ሮጦ ያዘላት።